ማኅተሙ የማን ነው? «ጥብቅ» እና «ልል» የኢሜይል ስም መገጣጠም ለነጋዴው ምን ማለት ነው?

ማኅተም ያላረፈበት፣ ቲተር ያልተመታበት ደብዳቤ ይዞ ባንክ የሚቀርብ ነጋዴ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አይቶ ይመልሰዋል። ለብዙ ዘመን የተለመደ አሠራር በመሆኑም ቅር የሚሰኝ የለም። ይሁንና ይኸው ነጋዴ ቢሮው ተመልሶ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት፣ ከውጭ አገር አቅራቢው ስም «የባንክ ሒሳባችንን ቀይረናል፤ የቅድሚያ ክፍያውን በዚህ ቁጥር አስገቡልን» የሚል ኢሜይል ቢያገኝ ማኅተም አገላብጦ የሚያይበት መንገድ የለውም። የሚታየው የላኪው ስም ብቻ ነው። ስሙን ደግሞ ማንም ሊጽፈው ይችላል።

አንድ አስመጪ 80,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ አዝዞ 30 በመቶውን በቅድሚያ ሊከፍል ነው እንበል። 24,000 ዶላሩ ወደ ሌላ ሰው ሒሳብ ከገባ በኋላ አቅራቢው «ገንዘቡ አልደረሰኝም» ይላል፤ አስመጪው «በነገርከኝ ቁጥር ልኬያለሁ» ይላል። ዕቃው አይጫንም። የውጭ ምንዛሪውን ለማግኘት የተደከመው ድካም ሁሉ ውኃ በልቶታል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 የዚህ ዓይነት የንግድ ኢሜይል ማጭበርበርን የሚመለከቱ 21,489 አቤቱታዎች ተቀብሏል፤ የተመዘገበው ኪሳራም ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በ2024 ደግሞ 2.77 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆኗል። ይህ እንግዲህ ለአንድ አገር መሥሪያ ቤት የቀረበው አቤቱታ ብቻ ነው።

ማጭበርበሩ መልኩ ብዙ ቢሆንም አንደኛው መልክ በሌላ ሰው የኢሜይል ስም ተሸፍኖ መላክ ነው። ይህንን ለመከላከል የተበጀ አሠራር አለ። አሠራሩ የሚቆመውም የሚወድቀውም አንዲት ትንሽ በምትመስል ጥያቄ ላይ ነው፤ የተመረመረው ስምና አንባቢው የሚያየው ስም ምን ያህል መገጣጠም አለባቸው?

አንድ ደብዳቤ፣ ሁለት ስም

ኢሜይል የሚጓዝበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1982 በጆን ፖስተል ሲጻፍ ተጠቃሚዎቹ በአብዛኛው እርስ በርስ የሚተዋወቁ ተመራማሪዎች ነበሩ። ሥርዓቱ ላኪውን «በእርግጥ አንተ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። እንደ ፖስታ ቤት አሠራር፣ ፖስታው ላይ የተጻፈው የመመለሻ አድራሻና ውስጥ ያለው ደብዳቤ ራስጌ የተለያዩ ቢሆኑ ግድ የለውም። በኢሜይልም እንዲሁ ሁለት ስም አለ። አንደኛው ማሽኖች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት፣ መልእክቱ ሳይደርስ ቢቀር የሚመለስበት የፖስታው ስም ነው። ሁለተኛው በደብዳቤው ራስጌ «ከ እገሌ» ተብሎ ለአንባቢ የሚታየው ነው። ነጋዴው የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ከጊዜ በኋላ ሁለት መከላከያዎች መጡ። ኤስፒኤፍ የሚባለው የዶሜይን ስም ባለቤት «በእኔ ስም መልእክት እንዲልኩ የፈቀድኩላቸው ሰርቨሮች እነዚህ ናቸው» ብሎ በይፋ የሚያስመዘግብበት ነው፤ ተቀባዩ ሰርቨር የፖስታውን ስም ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል። ዲኪም የሚባለው ደግሞ በመልእክቱ ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ማኅተም ነው፤ ማኅተሙ የየትኛው ዶሜይን እንደሆነ በላዩ ተጽፏል፤ መልእክቱ በመንገድ ላይ ከተነካካም ይታወቃል።

ሁለቱም ጥሩ ነበሩ፤ ቀዳዳ ግን ነበራቸው። አጭበርባሪው በጥቂት ዶላር የራሱን ዶሜይን ይገዛል። ለራሱ ዶሜይን ኤስፒኤፍ ያስመዘግባል፣ በራሱ ዲኪም ያትማል። ከዚያም በደብዳቤው ራስጌ ላይ የታወቀ ባንክን ወይም ፋብሪካን ስም ይጽፋል። ተቀባዩ ሰርቨር ሲመረምር ኤስፒኤፍ ትክክል፣ ዲኪምም ትክክል ነው። ፖስታው የራሱ፣ ማኅተሙም የራሱ ሆኖ ራስጌው ብቻ የሌላ ሰው ነው። ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑ ተረጋገጠ እንጂ የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ይህንን ጥያቄ የጠየቀው ዲማርክ የተባለው አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ያሁ፣ ፔይፓልና ሌሎችም በጋራ ይፋ አደረጉት፤ በመጋቢት 2015 ሰነዱ ታተመ። የሚለው ነገር አጭር ነው። ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ማለፉ ብቻ አይበቃም፤ ያለፈው ስም አንባቢው በራስጌው ላይ ከሚያየው ስም ጋር መግጠም አለበት። ከሁለቱ አንዱ ቢያልፍና ቢገጥም በቂ ነው። ሁለቱም ካልገጠሙ ግን መልእክቱ ምን ይደረግ የሚለውን የስሙ ባለቤት አስቀድሞ ይወስናል፤ ምንም አይደረግ፣ ወደ ተጠርጣሪ ክፍል ይግባ፣ ወይም ጭራሽ አይግባ።

ላላ ወይስ ጠበቅ?

አማርኛ አንባቢ «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ አንድ፣ ሲጠብቅ ሌላ ትርጉም እንዳለው ከልጅነቱ ያውቃል። ፊደሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አያያዙ ነው። የዲማርክ መገጣጠምም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በጥብቅ መገጣጠም ሁለቱ ስሞች ከፊደል እስከ ነጥብ አንድ መሆን አለባቸው። ራስጌው «ድርጅት.ኮም» ካለ፣ የዲኪሙ ማኅተም «ድርጅት.ኮም» እንጂ «ደረሰኝ.ድርጅት.ኮም» ሊሆን አይችልም። በልል መገጣጠም ግን የሁለቱም ሥር አንድ መሆኑ ይበቃል። «ደረሰኝ.ድርጅት.ኮም» በሚል ማኅተም የታተመ መልእክት በራስጌው «ድርጅት.ኮም» ቢል ያልፋል፤ ተገላቢጦሹም ያልፋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ደግሞ እህትማማች ቅርንጫፎችም እርስ በርስ መገጣጠማቸው ነው፤ «ማስታወቂያ.ድርጅት.ኮም» ያተመውን «ፋይናንስ.ድርጅት.ኮም» የሚል ራስጌ ተሸክሞ ቢመጣ በልሉ ሕግ ችግር የለበትም። የቅርንጫፍ ማኅተም በዋናው መሥሪያ ቤት ራስጌ ላይ፣ የአንዱ ቅርንጫፍም በሌላው ቅርንጫፍ ደብዳቤ ላይ ተቀባይነት አገኘ ማለት ነው።

ምርጫው ለኤስፒኤፍና ለዲኪም ለየብቻ የሚደረግ ነው። በዲማርክ መዝገብ ላይ «ኤ-ዲኪም» እና «ኤ-ኤስፒኤፍ» የሚባሉ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ «ኤስ» የሚለው የላቲን ፊደል ሲጻፍባቸው ጥብቅ፣ «አር» ሲጻፍባቸው ልል ይሆናሉ። ምንም ካልተጻፈ እንደ ልል ይቆጠራል። በመሆኑም ስለ ጉዳዩ ሰምቶ የማያውቅ ድርጅት ሁሉ ዲማርክ ካስመዘገበ፣ ሳያውቀው ልሉን መርጧል።

«ሥሩ አንድ ነው» ሲባል ሥሩ የት ላይ እንደሚቆም ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የአገራችንን ነጋዴ በቀጥታ የሚነካ ነጥብ አለ። ለዶት ኮም ሥሩ ከ«ኮም» በፊት ያለው አንድ ቃል ነው። በኢትዮጵያ ቅጥያ «ኮም.ኢቲ» ሥር ለተመዘገቡት ግን በዚሁ ስሌት ቢሄድ «ኮም.ኢቲ» ራሱ ሥር ሊሆን ነው፤ ያ ማለት በ«ኮም.ኢቲ» የተመዘገበ ድርጅት ሁሉ አንድ ቤተሰብ ሆኖ አንዱ በሌላው ስም ሊያትም ነው። ይህ እንዳይሆን በሞዚላ ድጋፍ በበጎ ፈቃደኞች የሚጠበቅ የሕዝብ ቅጥያዎች ዝርዝር አለ። «ኮም.ኢቲ»፣ «ጎቭ.ኢቲ»፣ «ኦርግ.ኢቲ»፣ «ኤዱ.ኢቲ» እና ሌሎቹም በዝርዝሩ ውስጥ ተመዝግበዋል። የ2015ቱ ሰነድም ተቀባይ ሰርቨሮች ሥሩን ሲፈልጉ እንዲህ ባለ ዝርዝር እንዲያመሳክሩ ያዛል። ስለዚህ «ድርጅት.ኮም.ኢቲ» ራሱን የቻለ ሥር ነው፤ ጎረቤቱ በልሉም ሕግ ቢሆን በስሙ ሊገባ አይችልም።

ልሉ ለምን ተለመደ?

ልሉ የተመረጠው በስንፍና አይደለም። ዛሬ አንድ መካከለኛ ድርጅት እንኳ ኢሜይሉን ከአንድ ቦታ አይልክም። የሠራተኛው የዕለት ተዕለት መልእክት ከአንድ ሰርቨር፣ ደረሰኝና የሒሳብ መግለጫ ከሌላ፣ የማስታወቂያ ዘመቻ ከሦስተኛ ወገን ድርጅት ይወጣል። ሦስተኛው ወገን የሚመለሱ መልእክቶችን ራሱ ለመሰብሰብ የፖስታውን ስም «ተመላሽ.ድርጅት.ኮም» ወደ መሰለ ንዑስ ስም ያዞረዋል። በልሉ ሕግ ኤስፒኤፍ ያለ ችግር ይገጥማል። በጥብቁ ግን ይወድቃል፤ ዲኪሙም በንዑስ ስም የታተመ ከሆነ እሱም ይወድቅና ባለቤቱ ራሱ የላከው ደረሰኝ በደንበኛው በር ላይ ይመለሳል።

ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ዕቃው ጅቡቲ ደርሶ ዲመሬጅ እየቆጠረ፣ የማጓጓዣ ሰነዱን የያዘው መልእክት በአስመጪው ተጠርጣሪ ሳጥን ውስጥ ሳምንት ቢተኛ ኪሳራው ከአጭበርባሪው ዘረፋ ላይለይ ይችላል። ጥፋተኛውም ሌባ ሳይሆን «ጥብቅ ይሻላል» ያለ የራስ ሠራተኛ ነው።

መልእክት ወደ ሌላ አድራሻ ሲተላለፍ የሚደርሰውም ነገር መታወቅ አለበት። ሥራ አስኪያጁ የቢሮ ኢሜይሉን ወደ ግል አድራሻው እንዲተላለፍ ቢያደርግ፣ መልእክቱን የሚያደርሰው አዲሱ ሰርቨር በላኪው የኤስፒኤፍ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ኤስፒኤፉ ብዙውን ጊዜ ይበላሻል። የዲኪም ማኅተም ግን መልእክቱ እስካልተነካ ድረስ አብሮ ይጓዛል። ስለዚህ ላኪው ጥብቁን የሚመርጥ ከሆነ ቢያንስ ዲኪሙ በትክክለኛው ስም እየታተመ መሆኑን ሳያረጋግጥ መነሳት የለበትም።

ጥብቁ የሚያስፈልገው ለማን ነው?

ንዑስ ስሞቹን በሙሉ በእጁ ላልያዘ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለየፋኩልቲው፣ የኩባንያዎች ቡድን ለየእህት ኩባንያው፣ መሥሪያ ቤት ለየቅርንጫፉ ንዑስ ስም ሰጥቶ አስተዳደሩን ለየራሳቸው ከተወ፣ ከእነዚህ አንዱ ቢዘረፍ ዘራፊው በልሉ ሕግ በዋናው ስም መላክ ይችላል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ የአንዱ ሱቅ ቁልፍ ቢሰረቅ የሁሉንም በር የሚከፍት ሆነ ማለት ነው።

የተረሳ ንዑስ ስም ምን ሊያመጣ እንደሚችል ጋርዲዮ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ያወጣው ምርመራ ያሳያል። ከ8,000 በላይ ዶሜይኖችና 13,000 ንዑስ ስሞች ለአጭበርባሪ መልእክት መላኪያነት ውለው ተገኙ። ከተጠቀሱት ውስጥ የማይክሮሶፍቱ ኤምኤስኤን አንዱ ነበር። አንድ የኤምኤስኤን ንዑስ ስም በ2001 ለአጭር ጊዜ አገልግሎ ወደተተወ ሌላ ዶሜይን እንዳመለከተ ቀርቶ ነበር። ያ የተተወ ዶሜይን በመስከረም 2022 በሌሎች ሰዎች እጅ እንደገና ተመዘገበ፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተጣለ ቁልፍ አንሥቶ ያው በር መሆኑን እንደማግኘት ያለ ነው። አዲሶቹ ባለቤቶች የራሳቸውን ሰርቨሮች በዝርዝሩ አስገብተው በኤምኤስኤን ንዑስ ስም የሚልኩት መልእክት ኤስፒኤፍን፣ ዲኪምንና ዲማርክን ሁሉ አልፎ ይገባ ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥብቅ መገጣጠም ይህንን ሙሉ በሙሉ ያስቀር ነበር ማለት ስህተት ነው። መልእክቱ ራስጌውም ፖስታውም ያው ንዑስ ስም ከሆነ ከፊደል እስከ ነጥብ ገጥሟልና ጥብቁም ያሳልፈዋል። ጥብቁ የሚከለክለው ሌባው ከተዘረፈው ንዑስ ስም ተነሥቶ በዋናው ስም፣ ወይም በሌላው ቅርንጫፍ ስም እንዳይጽፍ ነው። ንዑሱን ስም ራሱን የሚያድነው መዝገቡን ማጽዳት ብቻ ነው፤ የተዘጋ ዘመቻን፣ የተቋረጠ አገልግሎትን፣ ውሉ ያለቀ ድርጅትን ከመዝገቡ መሰረዝ። በዓመት አንድ ቀን ለዚህ ሥራ የሚሰጥ ድርጅት ግን እምብዛም አይገኝም።

በሌላ በኩል አንድ ዶሜይንና አንድ የኢሜይል አገልግሎት ብቻ ያለው፣ ንዑስ ስም የማይጠቀም አነስተኛ አስመጪ ጥብቁን ቢመርጥ የሚያጣው ነገር የለም፤ የሚያገኘውም ከልሉ ብዙ አይበልጥም። መካከለኛ መንገድም አለ። ሦስተኛ ወገኖቹ በዋናው ስም ዲኪም ማተም ከቻሉ ዲኪሙን ጥብቅ አድርጎ ኤስፒኤፉን ልል መተው ይቻላል፤ ሆኖም ከሁለቱ አንዱ መግጠሙ ስለሚበቃ አንዱ ልል በሆነ ጊዜ ቀዳዳው በዚያ በኩል ክፍት መሆኑን መዘንጋት አያሻም።

ዘበኛ አለ፣ ትእዛዝ የለም

ስለ ጥብቅና ልል የሚደረገው ክርክር ሁሉ ከንቱ የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ። ብዙ ድርጅቶች ዲማርክ ያስመዘግቡና ፖሊሲውን «ምንም አይደረግ» በሚለው ላይ ለዓመታት ይተዉታል። ዘበኛው የሚገባውን ሁሉ በደብተር ይመዘግባል፤ የሚያስቆመው ግን የለም። በዚህ ሁኔታ መገጣጠሙን ጥብቅ ማድረግ የዘበኛውን የደንብ ልብስ እንደመተኮስ ነው።

የሙያው ሰዎች የሚመክሩት ቅደም ተከተል አለ። በመጀመሪያ «ምንም አይደረግ» በሚለው ይጀመራል፤ መዝገቡ ላይ የሪፖርት መቀበያ አድራሻ ይጻፋል። ትላልቆቹ ተቀባዮች በየዕለቱ የሚልኩት ሪፖርት በስሙ ከየትኛው ሰርቨር ስንት መልእክት እንደወጣ፣ የቱ እንደገጠመና የቱ እንዳልገጠመ ይዘረዝራል። ለጥቂት ሳምንታት ሲታይ የተረሳው የደመወዝ ፕሮግራም፣ የሽያጭ ክፍሉ ማንንም ሳያማክር የተዋዋለው የማስታወቂያ ላኪ፣ አንዳንዴም የማይታወቅ የሩቅ አገር ሰርቨር ብቅ ይላል። የራስ የሆነው ሁሉ በልሉ ሕግ ሲያልፍ ፖሊሲው ወደ «ተጠርጣሪ ክፍል»፣ ከዚያም ወደ «አይግባ» ከፍ ይላል። ጥብቁ የሚታሰበው ከዚህ በኋላ ነው፤ በሪፖርቱ ላይ ከንዑስ ስም የሚወጣ የራስ መልእክት የለም ሲባል።

ብዙ ኢሜይል ለሚልኩ ድርጅቶች ነገሩ የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 ጀምሮ በጅምላ ከሚልኩት ላይ ኤስፒኤፍን፣ ዲኪምንና ቢያንስ ዝቅተኛውን የዲማርክ ፖሊሲ ጠይቀዋል፤ ለጉግል ወሰኑ ወደ ግል የጂሜይል አድራሻዎች በቀን 5,000 መልእክት ነው። የራስጌው ስም ከሁለቱ ከአንዱ ጋር መግጠሙም ግዴታ ነው፤ ልሉ በቂ መሆኑን ያሁ በግልጽ አስፍሯል። ማይክሮሶፍትም ከግንቦት 2025 ጀምሮ ተመሳሳይ ደንብ አውጥቷል።

የማይሸፍነው

ዲማርክ፣ ጥብቅም ይሁን ልል፣ የሚጠብቀው ትክክለኛውን ስም ብቻ ነው። አንዲት ፊደል ተቀይሮ የተመዘገበ ተመሳሳይ ስም ራሱን የቻለ ስም ነውና የራሱን ፈተና ሁሉ ያልፋል። የአቅራቢው የይለፍ ቃል ተሰርቆ ከእውነተኛው ሳጥን የተላከ መልእክትም በጥብቁ ሕግ ሳይቀር ንጹሕ ነው። በግል የጂሜይል አድራሻ የሚሠራ ደላላ ወይም አስመጪ ደግሞ ስሙ የራሱ ሳይሆን የጉግል ስለሆነ የሚያጠብቀውም የሚያላላውም ነገር የለውም።

ትልልቆቹም ተታለዋል። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 አንድ የሊትዌኒያ ዜጋ የታይዋኑን ኳንታ ኮምፒዩተር ስም በላትቪያ በኩባንያነት አስመዝግቦ፣ የባንክ ሒሳብም ከፍቶ፣ ከአቅራቢው ሠራተኞች የመጡ በሚመስሉ ኢሜይሎችና ሐሰተኛ ኢንቮይሶች ጉግልንና ፌስቡክን ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፍሏል። በታኅሣሥ 2019 በኒው ዮርክ አምስት ዓመት ተፈርዶበታል። የሒሳቡ ባለቤት ስምና የኢንቮይሱ ስም አንድ ነበሩ፤ የተለወጠው የባንኩ አገር ነበር።

ስለዚህ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ በጂሜይል የመልእክቱን ዋና ቅጂ የሚያሳየው ትእዛዝ ሲነካ ከላይ የኤስፒኤፍ፣ የዲኪምና የዲማርክ ውጤት ተጽፎ ይገኛል፤ ዲማርክ «ወድቋል» ካለ ክፍያው ይቆማል። «አልፏል» ካለም ማኅተሙን ያተመው ዶሜይን እዚያው ስለሚነበብ ከቀድሞው ፕሮፎርማ ኢንቮይስ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከራል። ሁለተኛ፣ አቅራቢው በአዲሱ መልእክት ላይ ባለው ሳይሆን በቀድሞው ውል ላይ ባለው ስልክ ቁጥር ይደወልለታል።